ሳቅሽ ለቅሶ ቤት የገባበት ቀን

ለውዷ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሴሉቫያ፣

እንዴት ነሽ እትዬ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ልጅሽ ቪካ «እማዬን ከተቀመጠችበት ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል» ብላ ከጻፈችልኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ነው። ጉልበትሽን በኮኮናት ዘይት ማሸቱን አልተውሽም አይደል? ባለቤትሽስ ሶሳያ ባሕር መውጣት ጀመረ ወይስ ጀልባው አሁንም ተገልብጦ ዶሮ እያሳደረ ነው? አማትሽን ያ የማለዳ ሳል ለቀቃቸው? ዝናቡስ ደረሰላችሁ፣ በርሜሎቹ ሞሉ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ምግብ አልከለከለኝም፣ ሥራዬም አልጎደለም፤ የአረጋውያኑ ቤት አንሶላ እንደሆነ አጥቤ አልጨርሰውም። ሰውነቴ ደህና ነው። ሰው ፊት ቀና ብዬ የምሄድበት አንገት ግን የለኝም።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ትይ ይሆናል። ታውቂኝ የለ፣ ሳፍር እስቃለሁ። አባባ ሊገርፈን ሲያሰልፈን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እንከተከታለሁ፣ በዚያ ምክንያት የኔ ድርሻ ሁልጊዜ እጥፍ ነበር። ደውዬ ብነግርሽ መሳቄ አይቀርም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሳቅ ከበቂ በላይ ሆኗል። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ በወረቀት ካልሆነ የማይሆን ነገር ውስጡ አለ። ቅዳሜ የሚበርሩት ሰባኪያችን በእጅሽ ያስረክቡሻል።

ነገሩ የጀመረው በልብስ ስፌት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ስፌት ያስተምራሉ ተብዬ ብሄድ ሞልቷል ተባልኩ። ሞልቷል ተብዬ መመለሴን ለፌሌቲ መንገር አፍሬ (ባሌን ታውቂዋለሽ፣ «ወፍራም መርፌ ስላልነበራቸው ነው የመለሱሽ» ይለኛል) እግሬን ላሳርፍ ብዬ ጎን ካለው ክፍል ገባሁ። ፉሲ የምትባል የሃአፓይ ደሴት ሰዎች ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ለሠርግና ለልደት የሚጨፈርበትን ሙዚቃ የምትሠራው እሷ ናት፣ በማሽን ሙዚቃ መሥራት ልታስተምር ተቀምጣ ቀና ብላ አየችኝና «አክስቴ፣ ልጅሽን ልትወስጂ ነው?» አለችኝ።

«ወንበር ነው የምፈልገው» አልኳት።

«ወንበር አለ። ግን እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ይመታል» አለችና አንድ ጥቁር ነገር አስታቀፈችኝ። የብስኩት መጋገሪያ ትሪ ያክላል። ላዩ ላይ አሥራ ስድስት የጎማ ካሬዎች አራት በአራት ተደርድረዋል፣ ስትነኪያቸው ይበራሉ። አንዱን ተጫንኩት፣ ከበሮ ሆነ። ሌላውን ተጫንኩት፣ ጭብጨባ። ቀስ ስትዪው ቀስ ይላል፣ በንዴት ስትመቺው ይጮሃል። እትዬ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ነገር በንዴት መትቼ መልስ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው!

ማሽኑ ቲክ ቲክ እያለ ይቆጥርልሻል፤ በቆጠራው ላይ ትመቻለሽ፤ ዙሩን ሲጨርስ የመታሽውን ራሱ መልሶ ያሰማሻል፣ በሱ ላይ ሌላ ትደርቢበታለሽ። የኔ እጅ እንደ ፌሌቲ የቤተ ክርስቲያን አካሄድ ነው፣ ሁሌም መዝሙር ካለቀ በኋላ ይደርሳል። የዘገየውን ምት ጎትቶ ቦታው ላይ የሚያስቀምጥ ቁልፍ ነበረው፤ ፉሲ ግን «እስከ ገና እንዳትነኩት፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ስንፍና እወቁት» ብላ ከለከለችን። አውቶቡስ ላይ ጉልበቴን እመታለሁ፣ አንሶላ ሳጥፍ አንሶላውን እመታለሁ። ሴቶቹ «ሌሲኤሊን ቁንጫ ገባባት» አሉኝ። ይበሉኝ! ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ላድርግ።

አንድ ቀን ፉሲ «ከማሽኑ ጋር ተገዝቶ የመጣው የገበያ ከበሮ ሰለቸኝ፣ ከየቤታችሁ ድምፅ አምጡ፤ እሱን ቆራርጠን ካሬዎቹ ላይ እናስቀምጣለን» አለችን። አንዷ የኮኮናት መፋቂያ ቀድታ መጣች። አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር የአውቶቡስ በር ሲዘጋ ፍስስስ የሚለውን አመጡ። እኔ ለቪካ ጻፍኩ። በኦገስት መጀመሪያ በስልኳ ቀድታ የላከችልኝ፣ ስድስት ሆናችሁ አንድ ግንድ ላይ ታፓ፣ የልጥ ጨርቃችንን፣ ስትቀጠቅጡ፣ እሱ ነበር። እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግርሽም። ልጡ ከመዶሻው ሥር ሲሰፋ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ረስቼው ነበር! የእያንዳንዳችሁን ምት ቆርጬ በየካሬው አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ካሬ አንቺ ነሽ። መጨረሻ ላይ «ኧረ ይቺ ልጅ የያዘችው መዶሻ ነው ማንኪያ!» ብለሽ የሳቅሽውን ደግሞ፣ ሳቁን ብቻ ለይቼ፣ አሥራ ስድስተኛው ላይ አደረግኩት።

አሁን ወደ ማፈሪያዬ መጣሁ።

የሶሳያ አክስት፣ ነፍሳቸውን ይማርና እማማ ሲዩቲቲ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ ማረፋቸውን ሰምታችሁ አልቅሳችኋል። የአባት ታላቅ እህት በቤቱ የሁሉ የበላይ መሆኗን ለአንቺ አልነግርሽም፤ በሠርግሽ ቀን የኬኩ የላይኛው ፎቅ ለማን እንደሄደ አንቺም እኔም አንረሳም። አስከሬናቸው እዚህ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አርፎ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር። እኔ ከወጥ ቤት ሰዎች ጋር ነበርኩ፣ ጎደሬ ስልጥ፣ የበግ ጎድን ስከትፍ። ማክሰኞ ከሰዓት ሥራው ቀለል ሲል አሥር ደቂቃ ብቻ ልለማመድ ብዬ ወንበር ወደሚከመርበት ክፍል ገባሁ። ማሽኑን ፉሲ ለሳምንት አውሳኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለቅሶ ቤት ይዤው መሄዴ ራሱ ምን ይባላል? ግን በጆሮ ማዳመጫ ነው፣ ማንም አይሰማም፣ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ማዳመጫውን የሰካሁት ለካ በሌላኛው ቀዳዳ ነው። ድምፁ ከራሱ ከማሽኑ ይወጣል እንጂ ወደ ጆሮዬ አይመጣም። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ተሸፍኖ ከሩቅ ሲሰማኝ «ምነው አነሰ?» እያልኩ የድምፅ መጨመሪያውን እስከ ጥጉ አዞርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ መታሁ። አንቺን መታሁ፣ ሌሎቹን መታሁ፣ ዙሩ ሲያልቅ ሳቅሽን ጨመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አስተካክዬ መትቼ አላውቅም! ሳልዘገይ እኮ ነው። ማዳመጫውን ያወለቅሁት ትከሻዬን ነክተውኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ መዝሙሩ ቆሟል። ዝም ባለው አዳራሽ ውስጥ ታፓ ይቀጠቀጣል።

ከበሮ ቢሆን «ማን ነው ባለጌ?» ተብሎ ያልፍ ነበር። ይሄን ግን የማታውቅ ሴት እዚያ አልነበረችም። ሰው ሞቶ መንደሩ ውስጥ መዶሻ እንደማይነሣ፣ ግንዱ እንኳ እንደሚገለበጥ፣ እያንዳንዷ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና የተማረችው ነው። የሟች ልጅ ቴሌሲያ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የተቀዳደደውን የሐዘን ሰሌን ወገቧ ላይ አስራ በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ነው ታፓ የሚቀጠቅጠው? እናቴ ገና አፈር አልለበሰችም!»

ለማቆም አንዱን ቁልፍ ስጫን ባሰበት። ሌላውን ስጫን ጭራሽ ከበሮ ተጨመረበት። ያን ጊዜ ሳቅሽ መጣ፤ ሄደና ተመልሶ መጣ፣ እንደገና መጣ።

«ይሄ የሴሉቫያ ሳቅ ነው!» አለች ቴሌሲያ። «ስልክ ከፍተሽ ነው? እኛ ሬሳ ከበን ስናለቅስ የወንድሜ የሶሳያ ሚስት እዚያ እየቀጠቀጠች ትስቃለች?»

«አይደለም፣ የቆየ ነው» ማለት ነበረብኝ። እትዬ፣ ሳቅኩ። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅኩ። ከአንቺ ሳቅ ጋር ገጠመ።

በመጨረሻ ፌሌቲ ማሽኑን ከእጄ ነጥቆ የጎደሬ ጆንያ ውስጥ ከተተው። ጆንያው ውስጥም ቀጠለ። ተሸክሞት በወጥ ቤቱ በር ሲወጣ፣ መኪና ማቆሚያውን ሲያቋርጥ፣ እየራቃችሁ ስትሄዱ ይሰማኝ ነበር። መመለሻው ላይ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ራግቢ ሳይ ድምፅ ቀንስ ትይኛለሽ» ብቻ ነው ያለኝ።

ወሬው ሳይመሽ፣ እኛ ቤታችን ሳንደርስ፣ እናንተ ዘንድ ቫቫኡ ደሴት ገባ። አማትሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጅሽ ምግብ አይቀበሉም ሲሉ ሰማሁ። ምናልባት ምክንያቱን እንኳ ማንም አልነገረሽ ይሆናል። በዚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ያቆምሽውን ስም እኔ በአንድ ከሰዓት በጎማ ካሬ አፈረስኩት። እንዲያ ባሰብኩ ቁጥር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ።

ከቀብር በኋላ ባለው ቅዳሜ ከእናታችን የወረስኩትን ጥሩውን ምንጣፍ ለይቅርታ ተሸክሜ ከእትዬ ቴሌሲያ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፌሌቲ ከኋላዬ። አንገቴን ደፍቼ ብዙ ቆየሁ። እንደሚመስለኝ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ሰው ይገባል ይወጣል፣ እግራቸውን ብቻ አያለሁ። በኋላ «ግቢ እንግዲህ፣ ጎረቤት ሁሉ አየሽ» አለችኝ።

ድምፁ ከሁለት ወር በፊት የተቀዳ መሆኑን ነገርኳት። «የሰማሁት በጆሮዬ ነው፣ የሰማሁትም ማክሰኞ ነው» አለች። ማሽኑን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩና ጣቷን የመጀመሪያው ካሬ ላይ እንድታሳርፍ ለመንኳት። ነካችው። ቋ! አለ። እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሳበችው። እንደገና ነካችው። ሦስተኛ ጊዜ ቀስ አድርጋ ነካችው፣ ቀስ አለ።

«እዚህ ውስጥ ነው ያለችው እንጂ እዚያ አይደለም ማለት ነው» አለች።

«አዎ እትዬ።»

«አጥፊው።»

አንድ በአንድ እያየች አጠፋሁት። አሥራ ስድስተኛው ላይ ጣቴ ትንሽ ቆመ። አየችኝ። አጠፋሁት። ከዚያ «እኔ ለእነ ሶሳያ ብደውል ለሴሉቫያ አዝናላት ነው ይላሉ። በእጅሽ ጻፊውና አምጪልኝ፣ እኔም እፈርምበታለሁ» አለችኝ። ስለዚህ የሚከተለውን ገጽ ለአማትሽና ለሶሳያ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።

«እኔ ሌሲኤሊ፣ የሴሉቫያ ታናሽ እህት፣ በእማማ ሲዩቲቲ አስከሬን ፊት የተሰማው የታፓ ድምፅና ሳቅ እማማ ሳያርፉ ከሁለት ወር በፊት የተቀዳ መሆኑን እመሰክራለሁ። እህቴ ድምፁ ምን ላይ እንደዋለ አታውቅም፣ እኔ አልነገርኳትም። በለቅሶው ቀን መዶሻ አላነሣችም፣ አልሳቀችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የሳቅኩትም እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ ከእህቴ እጅ ግን ምግብ ተቀበሉ።»

ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሷ የቴሌሲያ ነው። ስትፈርም «ቃሏን አምኛለሁ» ብላ ጨምራበታለች፣ እኔ ያልጠየቅኳትን።

እዚህ ላይ ንባብሽን አቁሚ። ይሄኛው ቅጠል ለአንቺ ብቻ ነው፣ እሷ ከፈረመች በኋላ የጻፍኩት።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ማሽኑን አስረክቤ ዳግመኛ ላልመለስ ብዬ ሄድኩ። ፉሲ የሆነውን ስነግራት አፏን በመዳፏ ያዘች፣ የእኛው ልጅ ናትና ማስረዳት አላስፈለገኝም። «አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔም ነው፤ መጀመሪያ ማስተማር የነበረብኝ ማቆሙን ነበር» አለች። አስቀመጠችኝና ሰዓት ሙሉ ማቆም አስተማረችኝ። ታስጀምረዋለች፣ አቆመዋለሁ። ታስጀምረዋለች፣ አቆመዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም፣ ሌላ ሰው እያናገረኝም ማቆም ቻልኩ። ተመስገን ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። በር ላይ ደረስኩ።

ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩና አስጀመርኩት፣ እትዬ። በገበያው ከበሮ፣ እናንተ በሌላችሁበት ካሬ። ደስ አለኝ። በሠራሁት ሁሉ ላይ፣ አንቺ ከማዕድ ተለይተሽ፣ እኔ ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤት ከሆነው ይልቅ የማፍረው በዚህኛው ነው። ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። አንቺ ተዪ ካልሽኝ እተዋለሁ፤ ደውለሽ «ተዪ» በይኝ፣ አንድ ቃል ይበቃል፣ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።

ለሶሳያ አንገቴን ደፍቼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለአማትሽ፣ ከተቀበሉሽ፣ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ካልተቀበሉሽም ሳሚልኝ። ቪካን ጉንጮቿን፤ ጥፋተኛዋ እሷ እንዳልሆነች ንገሪያት፣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ትንሹን ማካን አናቱን ሳሚልኝ። ከአንቺ ጋር ለቀጠቀጡት አምስቱ ሴቶች ደግሞ በየስማቸው ሰላም በይልኝ፣ ምን እንዳደረግኳቸው ግን አትንገሪያቸው። ፌሌቲም ሰላም ብሏል፤ ማለት፣ ልጻፍ አልጻፍ ስለው ራሱን ነቅንቋል፣ እኔ ሰላም ብሏል ብዬዋለሁ።

ታናሽሽ ሌሲኤሊ

ማንጌሬ፣ ኦክላንድ
ዓርብ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2023