ሐምዛ ዝም ያለባት ቦታ

ልጄ ሸሪፋ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የፕራግን ብርድ ያቅልልሽ። የአባትሽ ወገብ ተሽሎታል፣ ሱቁንም ይከፍታል። ደብዳቤውን በፖስታ ያልላክሁበትን ምክንያት አንብበሽ ትረጂዋለሽ።

ወንድምሽ ሐምዛ በቀበሌው ኪነት ቤዝ ጊታር ይጫወታል። እዚያ እስካለ ለውትድርና አይወስዱትም ስላሉን ደስ ብሎን ነበር። ግን የላክሽለትን የጃዝ ካሴት ከሰማ ወዲህ ዜማውን እንደተሰጠው አይጫወትም። ከራሱ ይጨምራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጣቱን አንስቶ ይጠብቃል።

ቅዳሜ ለአብዮቱ በዓል ሲለማመዱ እኔም ከሴቶች ማኅበር ጋር አዳራሹ ውስጥ ነበርሁ። ሁሉም «ወደፊት!» የሚሉበት ቦታ ላይ ሐምዛ ዝም አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር አስቆማቸው።

«አንተ፣ እዚህ ጋ ለምን ዝም አልክ?»

«ጓድ፣ ዜማው እንዲተነፍስ ብዬ ነው።»

«ማን አፍኖት?»

ልጆቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ልጅ ስሙን ከነአያቱ ጠየቀው።

ከዚያ ወዲህ ሐምዛ ቤት ሲለማመድ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። ዝም ባለ ቁጥር የያዝሁት ሥራ እጄ ላይ ይቆማል፤ ድምፁ ሲመለስ እቀጥላለሁ። ተው ስለው፣ «እማዬ፣ ከዘፈኑ ሁሉ የኔ ያቺ ብቻ ናት» ይለኛል።

አንቺን ይሰማሻል። በዓሉ እስኪያልፍ እንደሌሎቹ ተጫወት ብለሽ ጻፊለት። እኔ ነገርሁሽ እንዳትዪው።

አላህ የሁለታችሁንም ድምፅ አያጥፋብኝ።

እናትሽ ከድጃ