ሐይቁን ያሳረፍንበት ዓመት

ልጄ፣ የወጣሽበት ይቅናሽ፤ የባዕድ ፊት ይብራልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

አምና የልማት ባለሙያው መጥቶ፣ "ሐይቁ ዓሣ አልቆበታል፤ ማጥመዱን ትታችሁ ልብስ ስፌት ተማሩ" ሲለን፣ እኔ እናትሽ ከሰው መሃል ብድግ አልኩ።

"ዓሣው የሚራባበትን ጥግ አራት ወር እንዝጋው። እናንተ ደግሞ የምናጠምደው እንዳይበላሽ ማቀዝቀዣ ክፍል ሥሩልን" አልኩት።

አባትሽ በሀፍረት "ቁጭ በይ!" ብሎ ቀሚሴን ጎተተ። ሰውዬው ግን ጻፈው፤ መንደሩም ተስማማ። አራቱን ወር አንጀታችንን አስረን ከረምን። ዘንድሮ መረቡ ሞልቶ ይወጣል፤ የማቀዝቀዣው ቁልፍም ከአንገቴ አይወርድም። አባትሽ ታዲያ "ሐሳቡ የኔ ነው" እያለ ለመንደሩ ያወራል። እኔም ትቼለታለሁ።

ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ። ደጅሽ ደግ ሰው አይጣ። እሁድ ደውለሽ "አባዬ፣ እንዴት ያለ ሐሳብ ነው ያመጣኸው!" በይልኝ፤ ደስ ይበለው።

እናትሽ