ከቀለበቱ ላይ የቀረች ጭረት

ለእትዬ አልጋነሽ፣ ሐዋሳ

እንደምን ከረሙልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ፒያሳም እንደ እኔው ደህና ናት።

ታክሲ ውስጥ አንዱ ጓደኛውን «የነገሩን በጎ ጎን ብቻ እይ» ሲለው ሰማሁ። ከመስከረም ወዲህ የሁሉን ነገር አንድ ጎን ብቻ ስለማይ ምክሩ አልከበደኝም።

ማክሰኞ ተስፋ የሚባል ሙሽራ ከእጮኛው ጋር ወርቅ ቤቴ መጥቶ በእሷ ቀለበት ላይ ስሙን ቀረጽኩለት። አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ‹ተሰፋ› እኮ ነው የሚለው! ጨርቅ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

«ከተቀደደ አይሻልም?» አልኩት። እጮኛው ሳቀች፤ እሱ ቀለበቱን ትቶልኝ ወጣ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው። ሁለተኛው ሐሙስ ነበር።

ሐኪሙ መነጽሬ ምንም እንከን የለበትም ብሎኛል።

በዐይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን፤ ቶሎ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው።

ወንድምዎ ኃይለማርያም

የእጅ ጽሑፌ አምሮ ካገኙት፣ የጻፈችው ልጄ ሜላት ናት።