የጣሳው ሚስማሮች

የካቲት 21
ኪሱን ሳልፈትሽ የልጄን ሱሪ ነክሬ ሚስማር ወጋኝ። ዛሬም! ፓርኩ ውስጥ ዛፍ ላይ ማስታወቂያ በሚስማር የሚመቱ ሰዎች አሉ፤ ልጄ ጥበቃ ነውና እየነቀለ በኪሱ ያመጣዋል። "ግድግዳ ጠፍቶ ነው?" ይላል ሁሌ። መስኮቱ ላይ ያለው ጣሳ ሊሞላ ነው። ተራራው ላይ እሳት ተነሥቶ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነው፤ ሲወርድ ልቆጣው አስቤ ነበር…
ከሰዓት በኋላ የፓርኩ መኪና ደጃፌ ቆመ። "ሽቅብ" የሚሉት የሥራ ጓደኛው ወረደ፤ ዳገት ላይ ስለሚያማርር ነው እንዲህ የሚሉት። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ውሃ ልስጥህ አልኩት። እንዳይናገር ነው መሰለኝ።
"እማማ፣ እሳቱ ጠፍቷል" አለኝ።
ስለ እሳቱ ብቻ። ስለ ልጄ ዝም። ገባኝ።

የካቲት 23
ቀበርነው። ሌላ ምን ይጻፋል?

የካቲት 29
የመጣው ሁሉ ተቀመጪ ይለኛል። እንዴት ልቀመጥ? መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ። የታጠበውን ሱሪ ደግሜ አጠብኩ። እህቱ ከእጄ ወሰደችው። "እማዬ፣ ጨርቁ አለቀ እኮ።"

መጋቢት 6
የፓርኩ ኃላፊ መጡ። ደግ ሰው ናቸው። እሳቱን ሲከላከል ጭስ አፍኖት የወደቀው ትልቁ ዝግባ ሥር ነው… ዛፉ ተርፏል። ስሙና ፎቶው ያለበት ቆርቆሮ እዚያው ዛፍ ላይ እንሰቅላለን አሉኝ። አመሰገንኩ። ስሙ ካልተጻፈ ይረሳል ትላለች እህቱ። እኔስ ከዚህ ሌላ ምን እፈራለሁ?

መጋቢት 7
በምን ነው የሚሰቅሉት?

መጋቢት 12
ወጣሁ። ጣሳውን በነጠላዬ ሸፍኜ። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጣል። ሽቅብ ከኋላዬ እያለከለከ፣ ልጄ ይህን መንገድ እያፏጨ ይወጣ እንደነበር ነገረኝ። "ለእኛ ስድብ ነበር፣ እማማ።" ሣቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሣቄን ሰምቼው አላውቅም ነበር…
ከታች ጥቁር አመድ ነው። ከላይ አረንጓዴ። ድንበሩ ላይ ዝግባው፣ አንድ ጎኑ ከስሎ። አመዱ ላይ የድኩላ ኮቴ አየሁ፤ ወደ ጫካው የሚመለስ። ኃላፊው ቆርቆሮውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ልጄ ፎቶው ላይ ይስቃል። አንዱ ሠራተኛ መዶሻ አነሣ።
"ይቅር" አልኩ።
"እናቴ፣ ለክብሩ እኮ ነው" አሉ ኃላፊው።
እህቱ ክንዴን ያዘች። ስሙን ልታስቀሪ ነው ወይ ማለቷ ነው። ጣሳውን ኃላፊው እግር ሥር ገለበጥኩት።
"ይህን ሁሉ ከእናንተው ዛፎች ነው የነቀለው። በስሙ መልሳችሁ ዛፍ ላይ ልትመቱት ነው? ግድግዳ ጠፍቶ ነው?"
ሽቅብ ፊቱን አዞረ። ኃላፊው ጎንበስ ብለው ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር።

መጋቢት 20
ቆርቆሮው ፓርኩ በር ላይ ባለው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከጣሳው አንዱን ሚስማር አቃንተው ነው አሉ። ዛሬ መኪና አለፈ። ሱሪውን እያጠፍኩ ነበር… አልተነሣሁም።
ይህን ደብተር አንድ ቀን የሚከፍት ካለ፦ ዝግባው ላይ ስም የለም። ጥላው ሥር ካረፍክ፣ የማን ጥላ እንደሆነ ልንገርህ፤ የልጄ ነው። ነፍሱን ይማር በልልኝ።