ሃጀር ቃል ከመግባቷ በፊት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እታለም፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ዋና ጀመርሽ ወይስ አሁንም በዚህ ዕድሜዬ ማን ፊት ልራቆት እያልሽ ታንገራግሪያለሽ? እኛ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ያለነው ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ልጄ አንዋር ትራኩን ይዞ ሲዞር ይከርማል፤ ሚስቱ ሳቢራም ዕቃ ከምታሽግበት ዌርሃውስ ቤት፣ ከቤት ዌርሃውስ ነው። እኔና ደም ግፊቴ ተላምደን እንኖራለን።

ባለፈው እሑድ በስልክ ተቆጥተሽኛል። የሃጀር የስካውት ቅጽ የት ደረሰ፣ ለጰራቅሊጦስ ካምፕ አራት ሳምንት ነው የቀረው፣ እነዚህ ጀርመኖች የወላጅ ፊርማ በወረቀት ካላዩ ልጅቷን ቃል አያስገቧትም አልሽኝ። እኔም ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል አልኩሽ። ዋሸሁሽ። አንዋር ቅጹን ከፈረመ ሃያ ቀኑ ነው። እማ፣ ዛሬውኑ በፖስታ ሜይል አድርጊልኝ፣ አደራ፣ ብሎኝ ነበር ሥራ የሄደው። እኔ አጥፌ ከክረምት ካልሲዎቼ ሥር ደበቅኩት፤ ሲደውልልኝም ልኬዋለሁ አልኩት። በስልሳ ዓመቴ ልጄንም እህቴንም ዋሸሁ። ፈርቼ ነው እታለም። 

የልጅ ልጄን ሃጀርን ለአንድ ዓመት አንቺ ዘንድ ስልካት የፈራሁት ብርዱንና ቋንቋውን ነበር። ጓደኛ እንድታገኝ ብለሽ ስካውት ታስገቢያታለሽ ብዬ በህልሜም አላሰብኩም። መጀመሪያ የላክሽልኝን ፎቶ ታስታውሻለሽ? መሃሉ ላይ እሳት የሚነድድበት ጥቁር ድንኳን፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱ ልጃገረዶች፣ የኔዋ ቢላ ይዛ እንጨት ትቀርጻለች። አንቺ ማሻአላህ በዪ ብለሽ ጽፈሽበታል። እኔ ማሻአላህ ከማለቴ በፊት ሸሚዙን አየሁት፤ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

ሃጀር በዚያ በሚኮላተፍ አማርኛዋ በድምፅ እየላከች አስረድታኛለች። ትንንሾቹ የተኩላ ግልገል ይባላሉ። ከፍ ያሉት ስድስት ሰባት እየሆኑ በቡድን ይደራጃሉ፤ ቡድኖቹ የከተማውን ማኅበር ይሠራሉ፣ የከተሞቹ ተሰብስበው የክፍለ ሀገሩን፣ የክፍለ ሀገሩ የአገሩን። መቼም ጀርመን ጨዋታም ቢሆን በእርከን ካላስቀመጠው እንቅልፍ አይወስደውም። መሪዎቻቸውን በስብሰባ ድምፅ ሰጥተው ይመርጣሉ፤ ግልገሎቹ ሳይቀሩ እጅ ያወጣሉ አለችኝ። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥላ ግን የእነሱ ቡድን መሪ ሌና እንደምትባልና አሥራ ስድስት ዓመቷ እንደሆነ፣ በሐምሌም ስድስቱን ልጆች ይዛ አሥር ቀን በእግር እንደምትጓዝ ነገረችኝ። አዋቂ አብሯቸው አይሄድም፣ ስልክም አይይዙም። ልጅን ልጅ ይምራው የማኅበሩ ዋና ሕግ ነው አሉ። ድምፄ ሲለወጥባት ግራንድማ፣ ዶንት ወሪ፣ ሌና ሁሉንም ታውቃለች፣ ምንም ብትጠይቀኝ እነግራታለሁ አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

አንቺ ጫካውን የፈራሁ መስሎሽ፣ እዚህ አገር ጅብ የለም ብለሽ ሳቅሽብኝ። የፈራሁት ሌናን ነው። ልጅቷ መልካም ትሆናለች፣ አላውቃትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ስለ ማኅበሩ ታሪክ የላክሽውን ትንሽ መጽሐፍ ሳቢራ በስልኳ ትራንስሌት እያደረገች አነበበችልኝ። ገና በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን፣ ከተማና ፋብሪካ የሰለቻቸው ወጣቶች ጊታር ይዘው ጫካ ለጫካ መዞር እንደጀመሩ፣ ከእንግሊዝ የመጣውን ስካውትነትም እንደራሳቸው እንዳደረጉት ይተርካል። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ሂትለር መጣ። የወጣት ማኅበር ሁሉ ተዘጋ፣ ልጆቹም ወደ ሂትለር የወጣቶች ማኅበር ተጠቃለሉ። አንዳንዶቹ መሪዎች ተደብቀው መገናኘት ቀጥለው ታሰሩ። ሌሎቹ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ባንዲራቸውን ይዘው በደስታ ገቡ ይላል፤ የልጆቹን ስም ዝርዝር በእጃቸው ያስረከቡም ነበሩ ይላል። ከጦርነቱ በኋላ ነው ማኅበሩ እንደገና የተቋቋመው፤ በምሥራቅ ጀርመን በኩልማ ግንቡ እስኪፈርስ ድረስ ክልክል ነበር። ሃጀርን ይህን ጉድ ምነው ጻፉት ብዬ ጠየቅኳት። ቃል የሚገባ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ገጽ ማንበብ አለበት፣ ሌና ናት ያስነበበችን፣ ይህን ሳታውቁ ቃል ብትገቡ ቃላችሁ ባዶ ነው አለችን አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ሳቢራ እንዳትሰማኝ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

እታለም፣ ከሊፋን ላነሳብሽ ነው። ይቅር በዪኝ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙን አንቺ ካላነሳሽው አንስቼው አላውቅም። እጮኛሽ ሆኖ ቤታችን ሲመጣ ደሴ የቀረ ስካውት እሱ ብቻ ይመስል ነበር፤ ቡድናቸው ከተዘጋ በኋላ እንኳ ያንን የስካውት ቀበቶ አይፈታም። እኔን ገመድ አተሳሰር ያስተማረኝ እሱ ነው። ስካውቱ ሲዘጋ የመጣልን የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ነው። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ልክ እንደ ሃጀር። መዝሙሩን ወደድኩት፣ ሰልፉን ወደድኩት። ከሁሉም የወደድኩት መሪያችንን ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ስትስቅልኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

ጥር 1970፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቀበሌው ግቢ ዛፉ ሥር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መሪያችን እያንዳንዳችን በቤታችን ያለውን አዲስ ነገር እንድንናገር ጠየቀችን። እንደ ጨዋታ ነው የጠየቀችው። አንዷ ላማችን ወለደች አለች። አንዱ አባቴ ሬዲዮ ገዛ አለ። እየዞረ እየዞረ እኔ ዘንድ ደረሰ።

እዚህ ላይ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ብቅልም አልቀመስኩ፣ እንዲሁ ነው የማወጣው።

ሐሙስ ዕለት አብዮት ጠባቂዎቹ ሲመጡ ሌላ ክፍል ሳይነኩ በቀጥታ ከሊፋ ወደተደበቀበት ጎተራ ሄደው እንደወሰዱት አንቺ ራስሽ ስንት ጊዜ አውርተሻል። በቀጥታ፣ የሚያውቁት ይመስል፣ ትያለሽ ሁልጊዜ። ጎረቤታችን እትዬ ሲቲ ናት፣ በአጥር ቀዳዳ አይታው ነው አልሽ። ሰላምታ ነሳሻት። ስትሞት ለቅሶዋን አልደረስሽም፣ እናታችንንም አስቀረሻት። እናታችን ያን ቀን የጎረቤቷን ዋይታ ቤት ቁጭ ብላ ሰማች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፣ ዝም ብዬ።

እትዬ ሲቲ ያን ሳምንት ደሴ አልነበረችም እታለም። ሰኞ ጠዋት የወለደች ልጇን ልታርስ ኮምቦልቻ ሄዳለች። የገንፎ ዱቄቷን ተሸክሜ አውቶቡስ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። የተመለሰችው ለእሑድ ነው።

ቅዳሜ መሪያችን ሰልፈኛው ሁሉ እያየ አንገቴ ላይ ቀይ መሐረብ አሰረችልኝ።

ሌላ የምጨምረው ነገር የለኝም፤ አንቺ አስተዋይ ነሽ። የእትዬ ሲቲ ልጅ ሃቢብ እዚሁ ፒከሪንግተን ቤት ገዝቶ ይኖራል። ጁምዓ ላይ ሲያገኘኝ እትዬ ብሎ ትከሻዬን ይስማል። እናቴ እኮ እስክትሞት እናንተን ስታነሳ ታለቅስ ነበር፣ ምን እንዳስቀየመቻችሁ ሳታውቀው ሄደች አለኝ ባለፈው ረመዳን። የዚህን ልጅ ዓይን ማየት አቅቶኛል። እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። ግን ከእሱ በፊት አንቺ እንድታውቂ ፈለግኩ።

ቅጹን ትናንት ለብቻው፣ በፈጣኑ ፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርስሻል። በእኔ ተቆጥተሽ ልጅቷን እንዳታስቀሪያት። ያን ገጽ አንብባ ቃል የምትገባ ልጅ፣ ሳታነብ ከምትገባዋ ትሻላለች። ግን አደራ፣ ከመሄዷ በፊት አስቀምጠሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ የምትወዳት ሰው እንኳ ብትጠይቃት፣ ሁሉም ተራ በተራ ሲናገር እንኳ፣ ዝም ማለት እንደሚቻል ንገሪያት። እኔ ልነግራት ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ትምህርቷ ብቻ ጠይቄያት ዘጋሁ። ለምን ብላ ብትጠይቅሽ የምትመልሽላትን አንቺ ታውቂያለሽ፤ አትሸፍኚልኝ።

እሑድ እንደ ልማዳችን ስልኩን አጠገቤ አድርጌ እቀመጣለሁ። ካልደወልሽ አልደውልልሽም፣ አላስቸግርሽም። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ የከሊፋን ቀብር ኑር፣ ብርሃን ያድርግለት፣ እትዬ ሲቲንም ጀነት ያስገባልኝ። ከዚህ በኋላ እህቴ ብለሽ ባትጠሪኝ ቅር አይለኝም። እኔ ግን ሌላ ስም ስለሌለኝ እንደ ወትሮው እፈርማለሁ።

ታናሽ እህትሽ