ለምን እንደሚያጥወለውለኝ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እናቴ ሳፊያ፤
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እማ፣ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ሴትዮዋ አሁንም ደረጃውን በየቀኑ ታሳጥብሻለች? ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነበር የሚጀመረው። ግን ስለ እኔ የሰማሽው ነገር ስላለ እሱን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልችልም። አክስቴ ነጂባ ስታናግርሽ ድምፁን ለግቢው ሁሉ ትከፍተዋለች፤ እኔ ደግሞ ሰው እየሰማኝ ማውራት አልችልም፣ ታውቂኛለሽ። እዚያው የምትሠራው ራቢያ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ ወረቀቱን ለሷ እሰጣታለሁ። ጽሑፌ ካላማረ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ እጅ ነውና ቻይው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያጥወለውለኛል። ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል። ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካው የሚወስደን ሰርቪስ በማለዳ ስለሚመጣ በባዶ ሆዴ እወጣለሁ። የማልበላው ምግብ አጥቼ አይደለም፤ ከበላሁ ያስመልሰኛል ብዬ ነው። ሳልበላ ደግሞ ባዶው ሆዴ ይገላበጣል። የማሽኑ ዘይትና የአዲሱ ጨርቅ ሽታ ሲጨመርበት አፌ ምራቅ ይሞላል፣ እጄ ይቀዘቅዛል። መቀሴን ጥዬ ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። ግን አላስመልስም። ፋብሪካው ውስጥ አንድም ቀን አስመልሼ አላውቅም። እፈራለሁ፤ ፍርሃቱ ራሱ መልሶ ያጥወለውለኛል። ለኔም አይገባኝም።

የጀመረኝ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ አንቺ የሄድሽ ዓመት። ሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ከፊቴ የቆመችው ልጅ ቦርሳ ላይ አስመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሱሀይላ ብሎ የሚጠራኝ አልነበረም። «ፏፏቴ መጣች! ጃንጥላ ያዙ!» ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን መምህሩም አብሮ ሳቀ።

አሁን ያመጣብኝን ስሚ። ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብ አንድ ጠዋት ጨጨብሳ በቅቤ ለውሰው አመጡልኝ። «ሸቶሽ ይሆናል ብዬ ነው፣ ቅመሺ» አሉኝ። በማግስቱ ከማዶ ቤት ገንፎ መጣ። ደግሞ ጥብስ መጣ፣ ደግሞ ሽሮ ከነድስቱ። ደግነታቸው ገርሞኝ ነበር። በኋላ አንዷ ሳህን ስታቀብለኝ ዐይኗ ሆዴ ላይ አረፈ። ያኔ ገባኝ። የምግብ ሽታ ደርሷት ሳትቀምስ የቀረች ነፍሰ ጡር ሽሉ ይወርድባታል ይባል የለ? ጠዋት ጠዋት የሚያጥወለውላትን ልጅ አይተው፣ በኔ ሳቢያ ኃጢአት ውስጥ እንዳይገቡ ነበር የሚያበሉኝ። ሳህኑን ይዤ በሩ ላይ ደረቅሁ። አልፈልግም ብል ኩራት ነው፣ ብቀበል አዎ ማለት ነው። ተቀበልኩ። «አይደለሁም» እንዳልል ደግሞ የጠየቀኝ ሰው የለም።

አክስቴም ሳህኖቹን አየችና ደወለችልሽ። እኔ ደጅ ልብስ አጥብ ነበር። «አስመርምሪያት፣ ዛሬ ነገ አትበይ» ስትይ ሰማሁሽ። «እስቲ እሷን ጠይቂያት» ትያለሽ ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት አክስቴ «ደሴ ወጥተን ሰኞ ገበያ ሰፈር ጨርቅ እንገዛለን» አለችኝ። ለምን እንደምንሄድ እያወቅሁ እሺ አልኩ። ከምርመራው ይልቅ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ የሐረጎ ዳገት ነበር ያስጨነቀኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። በአንድ እጄ ሎሚ፣ በሌላው ፌስታል ይዣለሁ። መጠምዘዣው ሲጀምር መስኮቱን ትንሽ ገፋ አደረግሁት።

«የኔ ልጅ፣ ዝጊው፣ ንፋስ ይመታኛል» አሉ ከኋላ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ።

ዘጋሁት።

«አባባ፣ ልጅቷን ያጥወለውላታል፣ ትንሽ ይከፈትላት» አለች አክስቴ።

«እኔን ሳምባ ምች ቢይዘኝስ? አንቺ ልታስታምሚኝ ነው?»

«ወላሂ እርስዎንና ንፋስን ቢያጋጥሟችሁ የሚታመመው ንፋሱ ነው!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ፌስታሉን በጣቴ እጠቀልላለሁ፣ እፈታለሁ። ድንገት አክስቴ ዝም አለች። አክስቴ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም። ፊቷ አመድ መሰለ። ፌስታሉን ከእጄ ነጠቀችና አስመለሳት።

«ክፈቱት! ኧረ መስኮቱን ክፈቱት!» አሉ እኚያው ሽማግሌ።

እማ፣ በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የምፈራው ነገር የለም። ልሸሽ ፈለግሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ወዴት ይሸሻል? ሻርፗን ከፊቷ ሰብስቤ ያዝኩላት፣ ጀርባዋን አሸሁላት። አልለቀቅኋትም። ከዚያ አለቀ። በቃ፣ አለቀ። አፏን ተጉመጠመጠችና «አልሐምዱሊላህ፣ ያ የትናንት ፓስታ ነው፣ ቀለለኝ» አለች። ማንም ስም አላወጣላትም። ሽማግሌው ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው «ምጠጪው፣ አፍሽን ያጣፍጥልሻል» አሏት።

ደሴ ስንደርስ ወደ ሰኞ ገበያ አልሄድንም፤ አንድ ክሊኒክ ገባን። አክስቴ ወደ ነርሷ ጎንበስ ብላ ሹክ አለቻት። ብልቃጥ ሰጡኝ። ሽንቴን በእጄ ይዤ በተራ ጠባቂው ሁሉ መሀል አለፍኩ። ውጤቱ እርግዝና የለም ነው፤ አንቺም ይኸው ከኔ ስሚው። አክስቴ አገጬን ይዛ አለቀሰች። «እኔ እኮ አይደለሁም አስመርምሪያት ያልኩት…» ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔም አልጠየቅኋትም።

ነርሷ ጽናት ትባላለች። አክስቴን ውጭ አስቀምጣ ብቻዬን አናገረችኝ። ስነግራት አልሳቀችም። ባዶ ሆድ ራሱ እንደሚያቅለሸልሽ፣ ፍርሃትም ሆድ እንደሚያውክ፣ መኪናና ሽታ ማንንም እንደሚያጥወለውል አስረዳችኝ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ደረቅ ዳቦ እንድቆርስ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ እንድጠጣ፣ ሲጀምረኝ ሩቅ እያየሁ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ መከረችኝ።

«እሺ፣ ቢያስመልስሽስ?» አለችኝ።

የሚኒባሱን ነገር ነገርኳት።

«አክስትሽን አስመለሳት አይደል? ሞተች?»

«ኧረ እሷ ሻይ እየጠጣች ነው» አልኳት። ያኔ ሳቀች። ካልተሻለኝ ስለ ፍርሃት የሚያማክር ሐኪም እንዳለ ነግራኛለች። እሄድ ይሆናል።

አክስቴ እንደተመለስን ግቢው መሀል ቆማ «ልጄ ንጹሕ ናት፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ሳህን አይመጣም። ይቅርታ ያለኝም የለም። እኔም ዳቦ በኪሴ ይዤ እወጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን እበላዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን እዚያው ይፈረፈራል። ዳንኩ ብዬ አልዋሽሽም። ከነጋ እስኪመሽ የገዛ ሆድን መጠበቅ በጣም ያደክማል፣ እማ።

አንድ ነገር ልተወው ነበር። ነርሷ ስትሸኘኝ «ፍርሃቱ ሲመጣብሽ ለማን ነው የምትነግሪው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለእናቴ» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ውሸት ነበር። ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ነው የጻፍኩልሽ።

አላህ ድካምሽን ያቅልልሽ፣ ክፉ አያሳይሽ፣ ዐይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ልጅሽ
ሱሀይላ