የማነጻጸሪያ ጎመኔ እንዳይነቀል ስለመለመን

ለተከበሩ የተባይ መከላከልና የሰብል ማሻሻያ ጥናት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ በጠርሙስ የሚያኖሯቸው ነፍሳት ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ውቤ በረሃ ከእነ ትሎቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰፈራችን ድሮም ሲበላና ሲጠጣ በሚያነጋ ሰው የታወቀ ስለሆነ፣ ትሎቹም እንግድነት አልተሰማቸውም።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ ምርጥ የጎመን ዘራችሁን ለእኔና ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ትርሓስ እኩል እኩል አከፋፍላችሁ፣ የእሷን መደብ መድኃኒት ስትረጩላት፣ የእኔን ግን ማነጻጸሪያ ነውና ትል ቢበላውም እንዳልነካው አዘዛችሁኝ። በዕድሜዬ ለጥናት ስታጭ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ከደስታዬ ብዛት ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ማክሰኞ በደረሰኝ ደብዳቤ ግን መድኃኒቱ ፍቱን ሆኖ ስለተገኘ፣ በትል የተወረረው ጎመኔ ሐሙስ ተነቅሎ እንደሚቃጠል አነበብኩ። ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፦ ጎመኔ አልታመመም። ዓይኔ እያየ ለትል ማብላት አላስችለኝ ቢል፣ በሁለተኛው ሳምንት ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በሳሙና ውሃ በጥብጬ ብረጭበት፣ ትሉ ሁሉ ረገፈ። ጥፋቴን አምናለሁ።

፪ኛ፦ ትል ቆጣሪው ባለሙያዎ አቶ ቃለአብ በነጋታው መጥተው አንድም ትል ሲያጡ፣ ፊታቸው ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው ጠቁሮ «ጥናቱን ገደሉት እኮ፣ እትዬ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በሰው እንጀራ መግባት አልወድም። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ፣ እሳቸው ሳይደርሱ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሙቀጫ እንደሚዋሰው ከወይዘሮ ትርሓስ መደብ ትል በሣህን እየለቀምኩ በጎመኔ ላይ ስበትን ከረምኩ። እሳቸውም ከእኔ ዘንድ ሠላሳ፣ ከእሷ ዘንድ ባዶ ብለው ጽፈው እየፈነደቁ ይሄዱ ነበር። ዞር ሲሉ ትሎቹን ለባለቤታቸው እመልሳለሁ፤ የሰው ነገር አላስቀርም። የወይዘሮ ትርሓስ ቅጠል ተበሳስቶ ወንፊት መሆኑን ግን አላዩም፤ እንዲቆጥሩ የታዘዙት ትል እንጂ ቅጠል አይደለማ! እንዲህ ያለ ታዛዥ ሠራተኛ ስለሰጡን ከልብ አመሰግናለሁ።

፫ኛ፦ ፍልሰታ ሊገባ ነው። የግቢያችን ሰው ዓይኑን የጣለው በእኔ ጎመን ላይ ብቻ ነው፤ በወንፊትማ ማን ይጾማል? እባክዎን፣ ጎመኔን ይማሩልኝ። የግድ መቃጠል ያለበት ነገር ካለ፣ የአቶ ቃለአብ መዝገብ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይያያዛል።

እጅ ነስቼ፣ ለሳይንስ የተቻለኝን ያህል ትል ተሸክሜ ያገለገልኩ፣ ዘወትር አክባሪዎ፣
አይናዲስ ገብረክርስቶስ

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ሐሙስ ስለማልዋስ፣ ትሎቹን በሙሉ በወይዘሮ ትርሓስ መደብ ላይ ያገኟቸዋል። ስለ ጤንነታቸው አያስቡ፤ መድኃኒታችሁ በጣም ተስማምቷቸው ወፍረዋል።